የተኛ ቤት ያንኳኳሁበት ቀን

ሐይቅ ከተማ ገብታችሁ «ሁሴን ጎሚስታ የት ነው?» ብትሉ፣ የሚነግራችሁ ሰው ቢጠፋ ውሻው ይመራችኋል። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት። ግን ከደሴ ወልዲያ የሚመላለስ ሹፌር ጎማው ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚያስታውሰው እኔን ነው፤ ሚስቱ ትዝ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። መንዳትም፣ መጻፍም፣ ስልክ መፍታትም በራሴ ነው የተማርኩት። መልሶ መግጠም ብቻ ነው እስካሁን ያስቸገረኝ፤ የፈታሁት ስልክ ሁሉ ለባለቤቱ በፌስታል ነው የሚመለሰው።

አሁን የምነግራችሁን ግን እንዲህ እየቀለድኩ ልጨርሰው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዘሃራ፣ ባለቤቴ፣ «እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ይቀየራል» ትለኛለች። እስቲ የት ጋ እንደሚቀየር እናንተው ታዩታላችሁ።

አባት የሆንኩት ዘግይቼ ነው። ጓደኞቼ ልጅ ሲድሩ እኔ ልጅ አቀፍኩ። ልጄ ሀናን ደግሞ አላህ ሲፈጥራት ሳንባዋ ላይ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነው የገጠመላት። አትተኛም! እኔም ዘሃራም ፊታችን ረግፎ፣ እየተጋጨን፣ ጨው ነው ብለን ኦሞ ወጥ ውስጥ ልንጨምር እየደረስን ከረምን። አንድ ቀን ዘሃራ አቅፋት ሱቅ መጣች፤ እኔ የጎማ መንፊያውን ኮምፕረሰር አስነሳሁት። ሰፈሩን የሚያደነቁረው ያ ጩኸት ሲጀምር ልጅቷ ጸጥ አለች። ዓይኗን ከደነች። ተኛች! ዘሃራ ቆማ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ አንድ የማንም ያልሆነ ጎማ ስነፋ ዋልኩ።

ያንን ነገር ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ብሎግ ነው የሚሉት፤ የራስህን ወሬ ማንም ሳያቋርጥህ የምታወራበት ቦታ ነው፣ ለኔ የተፈጠረ። ስሙን «ንቁ ወላጆች» አልኩት። ሰው እንደ ጉድ መጣ፤ ከኮምቦልቻ፣ ከመርሳ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጂዳ ሳይቀር። ከስሩ ግሩፕ ከፈትንበት። አንዱ «ልጄ መኪና ላይ ብቻ ነው የሚተኛው፣ መኪና የለኝም» ይላል፤ ሌላዋ «ባሌ ከልጁ ቀድሞ ይተኛል፣ ምን ላድርገው?» ትላለች። እኔ መሀላቸው ቁጭ ብዬ እንደ ሙፍቲ ፈትዋ እሰጣለሁ።

አንድ ደንብ ነበረን፣ እኔ ያወጣሁት፣ ስኮራበት የኖርኩት። አንድ ወላጅ «ተኛልኝ» ብሎ ከጻፈ አለቀ። እሱ ራሱ ነቅቶ እስኪመጣ ማንም አይደውልለትም፣ ማንም አይጽፍለትም። ግሩፑ በሙሉ ዝም ይላል፤ ዝምታችን ነው ጭብጨባችን። «የተኛ ቤት አይንኳኳም» ብዬ ከላይ ለጥፌዋለሁ። አንድ የኮምቦልቻ ሰው ለደስታ መግለጫ ደውሎ የሰው ልጅ ቢያስነሳ፣ ሳልሰማው ነው ያባረርኩት።

ከአባላቱ አንዷ ራህመት ናት። ቤቷ ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባሰል ተራራ ጥግ፣ የመብራት ወፍጮው አጠገብ ነው። ባሏ ሹፌር ነው፤ አፋር በረሃ ነው ውሎው። እሷ ከአማቷ ጋር ናት። ልጇ ዚያድ ገና ጨቅላ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ አልተኛም ብሎ አሳሯን ያበላታል። ድምፅ ስትልክልኝ ከኋላዋ ወፍጮው ያጉረመርማል።

«ጋሼ፣ ወፍጮው ሲዞር ይተኛል፣ ሲቆም ፍንጥር ብሎ ይነሳል። ምን ይሻለኛል?»

«የኔ ተማሪ ነው!» አልኳት። «የኔዋ በኮምፕረሰር፣ ያንቺው በወፍጮ። ወፍጮው ሲነሳ አብረሽው ተኚ።»

ነገሩ በሆነ ዋዜማ ግን ሳቋ አልነበረም። «ጋሼ፣ ቆሜ እየተኛሁ ነው። አማቴን ‹ማነሽ?› አልኳቸው፣ ወላሂ። ላብድ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ያልፋል» አልኳት። ለጎማ ቢሆን ይሻላል የምለውን አስቤ ነው የምናገረው፤ ለሰው ግን አብሽሪ ማለት ይቀለናል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ክረምቱ ሰማዩን ዘግቶታል፣ ሱቄ ደጃፍ ጭቃ እየጠረግኩ ሳለ ጻፈች። «አልሃምዱሊላህ ተኛልኝ። እኔም አጠገቡ ጋደም ልበል፣ ራሴን ፈልጦኛል።»

ደስ አለኝ! ለብቻዬ ጨፈርኩ። ግሩፑ ዝም አለ። ዝምታችን ቀጠለ።

ረፈድ ሲል ታደሰ መጣ። ታደሰ እህልና ዱቄት የሚጭን ሹፌር ነው፤ የሱን ጎማ ሳልጠግን የከረምኩበት ወር የለም።

«ሁሴኖ! ቶሎ በል፣ ይቺ የኋላዋ ተንፍሳለች።»

«ቶሎ የሚባል እዚህ የለም። እዚህ ያለው ጥራት ነው።»

«ጥራትህን ባለፈው መርሳ ላይ አይቼዋለሁ። ፈነዳ'ኮ!»

«የፈነዳው ጎማው ነው፤ ጥገናዬ እስካሁን አለ።»

ክሪኩን ከመኪናው ስር አስገብቼ እያነሳሁ፣ «ከየት ነው?» አልኩት።

«ከውጫሌ፣ ባዶዬን። ዱቄት ልጭን ሄጄ መብራት የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ወፍጮው ቆሟል፣ ሴቱ ሁሉ እህሉን ይዞ ተመለሰ።»

«የትኛው ወፍጮ?»

«ያ ወደ ተራራው ያለው ነዋ። ስንት ወፍጮ ታውቃለህ?»

ክሪኩን ለቀቅኩት። ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ታደሰ ያወራል፣ አልሰማውም። ወፍጮው ከቆመ ዚያድ በምን ተኛ? ከተወለደ ጀምሮ ያለ ወፍጮ ተኝቶ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ምን አገኘ?

«ሲደክመው ነዋ!» አልኩ ለራሴ። ብሎን መፍታት ጀመርኩ። የፈታሁትን መልሼ አጠበቅኩት።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ ታደሰ።

«ታዴ፣ መብራት ሲጠፋ ሰዉ በምንድን ነው የሚሞቀው?»

«በከሰል ነዋ። በዚህ ብርድ በምን ይሞቃል?»

ከዚያ «ራሴን ፈልጦኛል» ያለችው መጣብኝ። አራስ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታት፣ መስኮቱ በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በሩ ይዘጋል። እዚያ ውስጥ ከሰል…

ስልኬን አወጣሁ። የገዛ ደንቤን አፍርሼ ደወልኩ። ይጠራል። አታነሳም። ደገምኩት። ይጠራል። የሚጠራ ስልክ እንደዚያ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም። ግሩፑ ላይ «ራህመት እየደወልኩልሽ ነው፣ ንቂ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አንዷ፣ «ጋሽ ሁሴን፣ እኛን ስታባርር ኖረህ አንተ ታስነሳለህ? ይቺ ምስኪን ዛሬ እንኳ ትተኛ!» አለችኝ። ሌላው ጨመረላት። ልክ ናቸው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

ዘሃራ ምሳ ይዛ መጣች። ነገርኳት። ሳህኑን እንደያዘች፣ «ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ትሠራለህ?» አለች።

«ተኝታ ከሆነስ? ልጁን ባስነሳባትስ?»

«ከተኛች ትሰድብሃለች። ስድብ ደግሞ ለምደሃል። ሂድ!»

የታደሰን ጎማ እንዴት እንደገጠምኩት አላስታውስም። ታደሰ ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ነበር፤ ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ መኪናውን ወደ ውጫሌ አዞረው።

ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ እነዳዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አያልቅም። ዝናብ አለ። የገበያ ቀን ነው፤ ከብቱ መሀል አስፋልት ላይ ይንጎራደዳል፣ አህያው እህል ተሸክሞ ቆሞ ያስባል። ታደሰ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ በመስኮት ወጥቼ እጮኻለሁ።

«በማርያም ቁጭ በል!» ይለኛል። «ወንበሬን ነቀልከው'ኮ።»

«ንዳው አቦ! ቀድማን የሄደችው አህያ እየራቀችን ነው።»

እደውላለሁ። ይጠራል። እዘጋለሁ። እንደገና እደውላለሁ። በመሀል ራሴን እሰድባለሁ፤ በስልክ ብቻ የማውቃት ሴት ቤት ስሄድ ሰው ምን ይላል? ተኝታ ብትገኝ በወሎ ምድር መሳቂያ መሆኔ ነው። አላህዬ፣ መሳቂያ አድርገኝ፣ አልኩ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ አጥብቄ የለመንኩት ነገር የለም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ጭር ብሏል። ከጎኑ ቆርቆሮ ቤት አለ። ደጃፉ ላይ፣ ከታዛው ስር፣ አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጠው ቀጭን ዱላ ይዘዋል። ዶሮ በጮኸች ቁጥር «እሽ!» ይላሉ በሹክሹክታ። እመት ሰዓዳ፣ የራህመት አማት፣ የልጅ እንቅልፍ እየጠበቁ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እመት…»

ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ቀስ! ልጅ ተኝቷል።»

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። ሁሴን እባላለሁ፣ ከሐይቅ። ራህመትን በስልክ አውቃታለሁ።»

ዱላው ከዶሮዎቹ ወደኔ ዞረ። «በስልክ? የልጄን ሚስት በስልክ? አንተ ምኗ ነህና ነው?»

«ስለ እንቅልፍ ነው የምናወራው…»

ይሄን ባልለው ይሻል ነበር። ታደሰ ከኋላዬ «ወይኔ» ሲል ሰማሁት።

«ስለ እንቅልፍ!» አሉ። «ባሏ በረሃ እየተቃጠለ አንተ ሽበታም ስለ እንቅልፍ? ውጣ ከደጄ!»

«እመት፣ አላህ ያኑርዎት፣ ይስሙኝ። ልጁ ምን አስተኛው ዛሬ?»

እዚህ ጋ ፊታቸው በራ። «ዱዓዬ ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ አድርጌ ጠዋት ጸጥ አለ። እነሱ በስልክ ወፍጮ፣ ወፍጮ ይላሉ። ይኸው ወፍጮው ቆሞ ተኛ!»

እኔስ ያው አይደለሁ? ለብቻዬ የጨፈርኩት «የኔ ትምህርት ነው» ብዬ አይደል? ሁለታችን ጉረኞች አንድ በር ላይ ቆመን፣ የአንድን ሕፃን እንቅልፍ ለራሳችን እየወሰድን።

«ዱዓዎ ነው፣ እሺ፣ ይቀበልዎት» አልኩ። «ውስጥ እሳት አለ?»

«የሽንት ጨርቅ በዚህ ዝናብ በምን ይደርቃል? የከሰል ምድጃ አስገብቼላታለሁ። ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት፣ አላዋቂ አይደለሁም።»

«በሩስ?»

«ዘግቼዋለሁ። አራስ ናት'ኮ!»

«እመት፣ እኔ አልገባም። ወንድ ነኝ፣ ነውር ነው። እርስዎ ይግቡና አይተው ይውጡ። ነካ ያድርጓቸው ብቻ።»

«በሩ ይንጫጫል። ይነሳብኛል። ስንት ቀን ነው እኛ ያልተኛነው፣ አንተ ታውቃለህ?» ዓይናቸው ቀይ ነው። ያኔ ገባኝ፤ እሳቸውም አልተኙም። እሳቸውም የግሩፑ አባል ናቸው፣ ስልክ ስለሌላቸው እንጂ።

«ራሴን ፈልጦኛል ብላ ጽፋልኛለች፣ እመት።»

ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ። «ራሷን?»

«አዎ።»

«እኔም…» አሉና ግንባራቸውን ያዙ። «እኔም ጠዋት ጨርቁን ላገላብጥ ገብቼ አዞረኝ። ጾም ስለያዝኩ ነው ብዬ…»

ቃላቸውን አልጨረሱትም። ተነሱና በሩን ገፉት። በሩ ተንጫጫ። ማንም አልነቃም።

«ራህመት» አሉ፣ በቀስታ። ከዚያ «ራህመት!» ከዚያ የጮኹት ጩኸት ቃል አይደለም።

ነውሩን ረስቼ ገባሁ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ምንም አይሸትም፣ ይሄ ነው የሚገርመው። ንጹሕ ቤት፣ የተዘረጉ ነጫጭ ጨርቆች፣ መሀል ላይ የሚያምር ቀይ ፍም። ታደሰ መስኮቱ ላይ የተጠቀጠቀውን ጨርቅ በክርኑ ገፍቶ አወጣው፣ ምድጃውን በእግሩ እየገፋ ደጅ ጣለው። ራህመትን እመት ሰዓዳና እሱ በብብቷ ይዘው ጎተቷት። እኔ ልጁን አነሳሁት።

ስንት ልጅ አቅፌያለሁ። የተኛ ልጅ ሲታቀፍ ሰውነቱ ወዳንተ ይሰበሰባል። ዚያድ አልተሰበሰበም። እንደ እርጥብ ፎጣ እጄ ላይ ተንጠለጠለ።

ደጅ ታዛው ስር አወጣሁት። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠጋሁ፤ ብቻ የምሰማው ትንፋሹን ይሁን ዝናቡን መለየት አቃተኝ። ውስጥ እግሩን ቆነጠርኩት። በጣቴ መታሁት። ዝናቡ ግንባሩ ላይ ነጠብ ነጠብ ይላል።

«አልቅስ» አልኩት። «አልቅስ የኔ ጌታ። ጩህብኝ።»

እመት ሰዓዳ መጡና ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ያ ዶሮ ዝም ሲያሰኝ የነበረ አፋቸው፣ «አልቅስ አባቴ! አልቅስ ልጄ! ሰፈሩን ቀስቅሰው!» እያለ ይጮኻል። ታደሰ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሁሉም አንድን ሕፃን እንዲያለቅስ ይለምናል።

መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል አንዲት ቀጭን ነገር ወጣች። ከዚያ ደገማት። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደና… አለቀሰ! አላሁ አክበር፣ እንዴት ያለ ለቅሶ! ቁጭ አልኩ ጭቃው ላይ። አብሬው አለቀስኩ፤ ከሱ በላይ መጮኼን ታደሰ ይመሰክራል።

ራህመት በጎኗ ተኝታ እያስመለሳት ነበር። ለቅሶውን ስትሰማ ዓይኗን ሳትከፍት፣ «ተዉት… አትቀስቅሱት… ገና አሁን ነው የተኛው» አለች።

ባጃጅ ጭቃው አያስወጣውም፤ በታደሰ መኪና ነው ጤና ጣቢያ ያደረስናቸው። ኦክስጅን ሰጧቸው፣ አሳደሯቸው፣ ደህና ሆኑ። ነርሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጭሱ አለቀ ብላችሁ ታስገቡታላችሁ። የሚገድለው የማታዩት፣ የማይሸታችሁ ነው» አለችን። እመት ሰዓዳ አንገታቸውን ደፉ። ነጠላቸውን ወደፊታቸው ሲስቡ «እናቴ፣ የልጁን አባት ያሳደግኩትም እንደዚሁ ነው» አሉ። ነርሷ ዝም አለች፣ ትከሻቸውን ያዘች። የዝምታ ቦታው እንደዚያ ያለ ጊዜ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ ልንገራችሁ። እኔ ከዚያ በፊት ለሰው የምሰጠው ትልቁ ስጦታ አለመረበሽ ይመስለኝ ነበር። የደከመ ሰው ሲተኛ በእግር ጣት እያለፉ መሄድ። ያን ቀን ግን ለራህመት ሁላችንም አሰብንላት፤ እኔ በደንቤ፣ ግሩፑ በዝምታው፣ አማቷ በዱላቸው፤ ሁላችንም በፍቅር ዝም ብለን በሩን ዘጋንባት። ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ ደጅ። ለዚያ ነው እስካሁን ዕረፍት የማይሰጠኝ።

ከላይ የለጠፍኩትን «የተኛ ቤት አይንኳኳም» የሚለውን ደንብ አነሳሁት። አሁን «ተኛልኝ» የሚል ሰው፣ ማን ገብቶ እንደሚያየው አብሮ ይናገራል፤ ቤት ውስጥ እሳት እንደሌለ ይናገራል። ሰው የሌለው በየሰዓቱ ይደወልለታል። «ስልክህ ልጄን አስነሳው!» የሚለኝ ሰው በዝቷል። የኮምቦልቻውን ሰውዬም ለምኜ መለስኩት፤ አሁን ዋናው ደዋያችን እሱ ነው፣ ይመቸው።

እኔ ግን ጎበዝ ቀስቃሽ ነኝ ብዬ እንዳልጎርር የሚበልጡኝ መጡ። የራህመት ባል ከበረሃ ሲመለስ ለእናቱ ስልክ ገዛላቸው። እመት ሰዓዳ መጻፍ አይችሉም፤ ደውለው ነው የሚያወሩት። በቀደም ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ቤት ገብቻለሁ፣ ሀናን ከውስጥ ክፍል ተኝታለች፣ እኔም እግሬን ዘርግቼ ዓይኔ ሊከደን ሲል ደወሉ።

«ሁሴን፣ ልጅቱስ?»

«ተኝታለች፣ እመት፣ አልሃምዱሊላህ።»

«መተኛቷን አልጠየቅኩህም። ገብተህ አየሃት?»

«አሁን ቅድም…»

«አሁን!»

«እመት፣ እኔ'ኮ ነኝ ይሄን ያስተማርኩት።»

«አውቃለሁ። ተነስ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ተነሳሁ። በሩን ከፈትኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ይነሳል፣ ይወርዳል። ሀናን ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

«ሰማሁ» አሉ እመት ሰዓዳ በስልኩ ውስጥ። «በል ደህና ዋል።»